ባለቤት የጠፋቸው ሕልሞች

በባሕር ዳሯ ከተማ በጂባራ ባልና ሚስት ሲፋቱ ሻንጣውን አንጠልጥሎ የሚወጣ የለም። የሚገባበት ሌላ ቤት ከየት ይምጣ? ፍርድ ቤቱ ወረቀቱን ይሰጣል፤ ከዚያ ግንበኛው ፎንሴካ ይጠራል። ፎንሴካ በሜትር ይለካል፣ ወለሉን በጠመኔ ያሰምራል፣ ጠመኔው በሄደበት ግድግዳ ይቆማል። ግድግዳው መስኮት ላይ ካረፈ መስኮቱም ለሁለት ይከፈላል፤ የግራው መዝጊያ የእሷ፣ የቀኙ የእሱ ይሆንና ማለዳ አንዱ ተከፍቶ ሌላው ተዘግቶ ይታያል። በባሕሩ ዳር መንገድ የሚያልፍ ሰው መስኮቶቹን ብቻ አይቶ የማን ትዳር እንደፈረሰ ያውቃል።

ኔሬይዳና ኤውሴቢዮ እህል ውሃቸው ያለቀው ከአራት ዓመት በፊት ነው፤ ያውም ሃያ ዘጠኝ ዓመት አብረው ከኖሩ በኋላ። ምክንያቱን ሲጠየቁ እሷ «ዝምታው» ትላለች፣ እሱ «ወሬዋ» ይላል፤ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም። ፎንሴካ ግድግዳውን እየሠራ ሳሎኑ መሃል ሲደርስ ብሎኬት አለቀበት፤ የቀረው በኮምፔንሳቶ ተሸፈነ። ኮምፔንሳቶ ደግሞ ምን ይሸሽጋል? ኤውሴቢዮ ሲያነጥስ ኔሬይዳ «ይማርህ» ልትል አፏን ትከፍትና ምላሷን ትነክሳለች። ከተፋቱበት ቀን ጀምሮ ስሙን ጠርታው አታውቅም። ለጎረቤት ስታወራ «ያ ሰውዬ» ነው፤ እሱም በበኩሉ «ሴትዮዋ» ይላታል።

ሁሉም ነገር ተከፍሏል። ተወዛዋዦቹ ወንበሮች አንዳንድ ደረሳቸው። የውሃው ታንከር በቀን ተከፈለ፣ በረንዳው በምሰሶ። ያልተከፈለው ኮምፒውተሩ ብቻ ነበር። ልጃቸው ማቲያስ መርከብ ላይ ነው የሚሠራው፤ ከአንዱ ጉዞው ሲመለስ ይዞት መጣና «ለሁለታችሁ ነው» ብሎ አስረክቧቸው ሄደ። ለሁለታችሁ ከተባለ ማን ብቻውን ይወስደዋል? ስለዚህ ፎንሴካ ኮምፔንሳቶው መሃል ላይ ጠረጴዛ የሚያስገባ ክፍት ቦታ ተወላቸው። ኮምፒውተሩ ግማሽ አካሉን ከእሷ ወገን፣ ግማሹን ከእሱ ወገን አድርጎ እዚያ ተቀመጠ። ስክሪኑ ይዞራል፤ ጧት ወደ እሷ፣ ከሰዓት ወደ እሱ።

ኔሬይዳ ጧት ጧት የምትሠራው ሥራ ሕልም መጻፍ ነው። የራሷን አይደለም፣ የሰፈሩን ነው። በዚያ አገር ሕልም ሁሉ ቁጥር አለው። ፈረስ ያየ አንድ፣ ቢራቢሮ ያየ ሁለት፣ መርከበኛ ያየ ሦስት፣ እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ መቶ ይሄዳል፤ ቁጥሩ በስውር ለሚጣለው ሎተሪ እንደሚፈለግ ጮክ ብሎ የሚናገር የለም፣ የማያውቅም የለም። ሰው ከእንቅልፉ እንደነቃ በሌሊት ልብሱ መንገዱን ተሻግሮ በሯን ያንኳኳል። ቡና ከቀመሱ ሕልም ይበተናል ስለሚባል አፉን ሳያርስ ነው የሚመጣው። እሷ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ትሰማዋለች፣ ቁጥሩን ትነግረዋለች፣ ሰውየው ቁጥሩን ይዞ ይሄዳል። ሕልሙ ግን እሷ ዘንድ ይቀራል። ባገባች በሁለተኛው ዓመት አንድ ጧት «ይህ ሁሉ ሕልም የት ነው የሚገባው?» ብላ አሰበችና ደብተር ገዛች፤ ነገሩ የተጀመረው እንደዚያ ነው።

ሰላሳ አንድ ዓመት ጻፈች። አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ሕልም። ደብተሮቹን የባሕሩ ጨውና እርጥበት ሲበላቸው ጊዜ አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጠቻቸው። እያንዳንዱ ሕልም ለብቻው ፋይል ሆነ፤ የፋይሉ ስም ያየው ሰው ስምና ያየበት ቀን ነው። ደብተሮቹን ለኦቾሎኒ ሻጩ ሰጠችው፤ እሱም ቅጠላቸውን እየቀደደ ጠቀለለበት፤ የዚያን ሰሞን ጂባራ ኦቾሎኒ የበላው በራሱ ሕልም ተጠቅልሎ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሰው ሲመጣ ከኮምፒውተሩ ታነብለታለች። እናቱ የሞተችበት ጎልማሳ ይመጣና «እናቴ እኔን ባረገዘችበት ዓመት ምን አይታ ነበር?» ይላታል። እሷ የእናቱን ስም ፈልጋ ትከፍትለታለች። አንድ ፎቶ እንኳ ያልተረፈላት ሴት በኔሬይዳ ዘንድ ሕልሟ አለ። ለዚህ ነው ያን ፎልደር ከቤቱ ሁሉ አብልጣ የምትሳሳለት።

በሰፈሩ ሕልሙን ነግሯት የማያውቀው ኤውሴቢዮ ብቻ ነበር። «እኔ ሕልም አላይም» ይላታል፣ ከጎኗ ተኝቶ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጉረመርም እያደረ። የሰፈሩን ሁሉ እንቅልፍ የምታውቅ ሴት የገዛ ባሏን አለማወቋ አንገበገባት። ፎንሴካ እንኳ፣ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ውጪ ወሬ የማያውቀው ፎንሴካ፣ በዓመት አንዴ ሁለቴ እየመጣ ቆቡን ያወልቅና ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ትምህርት እንደሚያነበንብ ተማሪ፣ የሚያምር ሕልም ይነግራት ነበር። «አየህ» ትለው ነበር ባሏን፣ «ፎንሴካ ካየ አንተ ምን ሆንክ?» እሱ ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ወደ ቤዝቦሉ ይመለሳል።

ጠቡ የተነሣውም በዚያው በቤዝቦል ነው። ኤውሴቢዮ በየሳምንቱ በፍላሽ የተቀዳ ጨዋታ እያመጣ ኮምፒውተሩ ላይ ያከማቻል፤ አይቶም አያጠፋም። አንድ ጧት ጎረቤቷ ሌዎናርዳ ሕልም ነግራት ሄደች፤ ኔሬይዳ ጽፋ ልታስቀምጥ ስትል ማሽኑ ቦታ የለም አላት። ዲስኩ ጢም ብሏል። ለሦስት ቀን የሌዎናርዳን ሕልም በጭንቅላቷ ተሸክማ ዞረች፤ እንዳይፈስባት ሰው እንኳ ቀና ብላ ሳታይ። በአራተኛው ቀን ከከተማዋ የኮምፒውተር ክበብ ባለሙያዋን ያኒሴን አስጠራች።

ያኒሴ ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፤ ማሽን ስትነካ ጣቷ የሚፈጥን፣ አፏ ግን ከጣቷ የሚብስ ልጅ ናት።

«አክስቴ፣ ይሄ ቀላል ነው» አለች። «አንዱን ማሽን ሁለት እናደርገዋለን። ለእሳቸው ዊንዶውሱ ይቀርላቸዋል፣ ለእርስዎ ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሥርዓት እጭናለሁ። ዲስኩን እኩል እከፍለዋለሁ። እሳቸው በቤዝቦል ቢያጥለቀልቁት እንኳ ወደ እርስዎ ወገን ጠብ አትልም።»

«ግድግዳ ነዋ!»

«ግድግዳ። ያለ ፎንሴካ።»

ከኮምፔንሳቶው ወዲያ ሳል ተሰማ። «ለሴትዮዋ ንገሪያት» አለ የኤውሴቢዮ ድምፅ፣ «ሊነካካ ከሆነ እኔም ፊት ይሁን።»

«ለሰውዬው ንገሪው» አለች ኔሬይዳ፣ «ድምፁን ከሰማሁ ሦስት ሳምንቴ ነው። አፉ መኖሩን ለኳስ ሲሆን ነው የሚያስታውሰው።»

«እኔ የእናንተ ስልክ ነኝ እንዴ?» አለች ያኒሴ። «ሁለታችሁም ወንበራችሁን ይዛችሁ ኑ።»

መብራት ሄዶ እስኪመጣ ጠበቁ። ዲስክ ሲከፈል መብራት ከሄደ የእሷም የእሱም አብሮ ይጠፋል፤ ሄዶ ከመጣ ግን ጥቂት ሰዓት ይታመናል። ከምሳ በኋላ አምፖሉ ቦግ ሲል ያኒሴ ሕልሞቹን በፍላሿ አሳፍራ አወጣቻቸውና ሥራውን ጀመረች። ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ መስመር እየተንፏቀቀ መጓዝ ያዘ። ሌላ የሚደረግ ነገር አልነበረም። ሦስቱም ቁጭ ብለው መስመሩን ያያሉ፤ እሷ በወዲህ፣ እሱ በወዲያ፣ ያኒሴ ጠረጴዛው ጥግ። ነፋሱ ከባሕሩ እየመጣ መጋረጃውን ይነፋና ይለቀዋል። የጨው ሽታ አለ። ኔሬይዳ ሰመመን እየወሰዳት፣ ሕልሞቿ ያችን ጣት የምታህል ፍላሽ ውስጥ ተጨናንቀው ሲጠብቁ ታያት፤ ፈረሱ ከመነኩሲቷ ጎን፣ ዔሊው ከሙታኑ ጎን፣ ሁሉም እቃውን ጭኖ፣ ቤቱ ታድሶ እስኪያልቅ ደጅ እንደቆመ ቤተሰብ። በእንቅልፍ ልቧ እንዳይደፈጠጡ ሰጋች። ዓይኗን ስትገልጥ ኤውሴቢዮም ባለበት እንቅልፍ ወስዶታል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ምን እያለ ይሆን? ጠጋ ብላ ልትሰማ አሰበችና በራሷ ተናዳ ፊቷን አዞረች።

ዲስኩ ተከፈለ። ሕልሞቹ ተመልሰው ገቡ። ያኒሴ «ቅጂው ፍላሹ ላይ ይቆይልዎ» አለቻት፤ ኔሬይዳ ግን እምቢ አለች። ሕልም ሁለት ቦታ ካደረ ኃይሉ ይሄዳል ብላ ታምናለች። ዓይኗ እያየ ካልተደመሰሰ አይሆንም አለች፤ ተደመሰሰ።

ከዚያ ማሽኑ ሲነሣ ማን እንደሚቀድም መወሰን ነበረበት። ሲከፈት ሁለት ስም ያሳያል፣ አሥር ሰከንድ ይጠብቃል፤ ማንም ቁልፍ ካልነካ በራሱ ወደ መጀመሪያው ይገባል። ሳንቲም ተጣለ። ኤውሴቢዮ አሸነፈ።

«ኋላ ቀር ሆንሽ» አለ፣ ለማን እንደተናገረ ሳይታወቅ።

«የይለፍ ቃል ልስጣችሁ?» አለች ያኒሴ።

«በገዛ ቤቴ ማን ነህ ተብዬ ልጠየቅ?» አለ እሱ።

«እኔም አልፈልግም» አለች እሷ። በዚህ ብቻ ተስማሙ።

የስክሪኑ ፎቶ ደግሞ ሌላ ጉድ ሆነ። ያኒሴ ሊኑክሱን ለኔሬይዳ እንዲቀላት ብላ ቁርጥ ዊንዶውሱን አስመስላዋለች፤ ስለዚህ ቢያንስ ፎቶው ይለያይ፣ የት እንዳላችሁ በዚያ ታውቁታላችሁ አለች። ሁለቱም ማቲያስ በመርከቡ ጫፍ ቆሞ የሚስቅበትን ፎቶ ፈለጉ። «እሷ ሌላ ትውሰድ፣ ስንት ፎቶ አለው።» «እሱ ይውሰድ፣ የወለድኩት እኔ ነኝ!» ጉንጭ አልፋ ክርክር ሆነ። በመጨረሻ ማቲያስ በሁለቱም ወገን እኩል እየሳቀ ቀረ።

ያኒሴ ስትሄድ በሩ ላይ ኔሬይዳን ያዝ አድርጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«አክስቴ፣ አንድ ነገር ይወቁ። ከእርስዎ ወገን ሆነው የእሳቸው ይነበባል። ከእሳቸው ወገን ግን የእርስዎ አይነበብም። ስም የሌለው ባዶ ዲስክ ነው የሚመስለው። ለመክፈት ከነኩት ፎርማት ይደረግ ወይ ብሎ ይጠይቃል። አንዴ አዎ ከተባለ ሕልሞቹ አለቁ።»

«ነግረሽዋል?»

«ነግሬያቸዋለሁ። እሳቸው ሁልጊዜ የለም ይበሉ። እርስዎ ደግሞ በወገንዎ ማሽኑ ሲጠይቅዎት፣ ፕሮግራም ላድስ ወይ ምናምን ነው የሚልዎት፣ አዎ እያሉ ይለፉ። ያን ያህል ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የኔሬይዳ ከሰዓት ሰላም አጣ። እሱ በተራው ሲቀመጥ፣ እሷ ከኮምፔንሳቶው ወዲህ ወንበሯ ላይ ሆና የማውሱን ድምፅ ትሰማለች። ቀጭ። ቀጭ ቀጭ። የሰላሳ አንድ ዓመት እንቅልፍ በዚያ ዝምተኛ ሰው አመልካች ጣት ሥር ነው። እያዳመጠች ወደ እንቅልፍ ትንሸራተታለች፤ በእንቅልፏም ቀጭታው የባሕር ዳር ጠጠር እየሆነ ይመጣል፣ አንድ ሰው በጠጠሩ ላይ እየሄደ፣ ወደ እሷ ይሁን ከእሷ ሳይለይ። ሁለት ወር እንደዚህ ሄደ፤ ሕልሞቹም በደህና ቆዩ።

የሆነው ግን በጧት ነው። ሌሊት መብራት ሄዶ አድሯል፣ ጎህ ሲቀድ መጣ። ማሽኑ ሳይጠፋ የተቋረጠበት ስለነበር መብራት ሲመጣ በራሱ ተነሣ፤ ማንም በሌለበት ሳሎን ውስጥ ሁለቱን ስሞች አሳየ፣ አሥር ቆጠረ፣ መላሽ ሲያጣ ወደ ኤውሴቢዮ ወገን ገባ። ኔሬይዳ ገና አልተነሣችም ነበር። ሌዎናርዳ በሯን ስትደበድብ ባነነች።

«ባሕሩ ቤቴ ገባ!» አለች ሌዎናርዳ፣ በሌሊት ልብሷ፣ ቡናዋን በኩባያ ይዛ ሳትቀምስ። «እስከ ጉልበቴ። ዓሦቹ በመሃላችን ሲያልፉ ይቅርታ ይላሉ። አንዱማ ቆቡን አነሣልኝ። ቶሎ በይ፣ ቡናዬ ቀዘቀዘ!»

ኔሬይዳ መነጽሯን ሳታደርግ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠች። ማቲያስ ስክሪኑ ላይ ይስቃል። ፎልደሯን ፈለገች፣ የለም። ዓይኗን አሸች። የዲስኮቹን ዝርዝር ከፈተች፤ አንዱ ስም የለውም፣ ነካችው። ማሽኑ ጥያቄ አመጣ። ፊደሉ ብዥ አለባት፤ ጥያቄ መሆኑ ግን ያስታውቃል፣ ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ አዎ ማለት ነው የለመደችው። ዓሦቹ ቆባቸውን አንሥተው እንዳይሄዱባት ቸኩላ ነበር። አዎ አለች። ደግሞ ጠየቃት። ደግማ አዎ አለች።

መነጽሯን አድርጋ የሆነውን ስታይ ዲስኩ ስም አውጥቷል። ከፈተችው፤ ባዶ ነበር።

ጩኸቷ እስከ ጀልባ ማረፊያው ተሰማ ይባላል። የፎልደሩን አለመኖር እንጂ የት ወገን እንደነበረች አልገባትም፤ ስለዚህ የመጣላት አንድ ስም ብቻ ነው፣ እሱንም አልጠራችውም። ዳቦ ይዞ ከሰልፍ ሲመለስ በክፍተቱ በኩል ጠበቀችው።

«ገደልካቸው!» አለችው። አራት ዓመት ሙሉ ፊት ለፊት ያላናገረችውን ሰው። «ሁሉንም ገደልካቸው! የእናትህ ሕልም እዚያ ውስጥ ነበር፣ የገዛ እናትህ! ሃያ ዘጠኝ ዓመት ዝም አልክ፣ ምነው አሁንም ዝም ብትል?»

ኤውሴቢዮ ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «በየቀኑ ጠይቆኛል» አለ ቀስ ብሎ። «በየቀኑ የለም ብዬዋለሁ።» ወደ ጓዳው ገባ።

ያኒሴ መጥታ ማሽኑን አየችው። የጠፉበትን ሰዓት መዝግቦታል፤ ሌዎናርዳ በር ላይ ቆማ ቡናዋ እየቀዘቀዘ የነበረበት ሰዓት ነው። ያኔ ኤውሴቢዮ ዳቦ ሰልፍ ላይ ነበር፤ ከኋላው የነበረችው ራሷ ያኒሴ ናት። ኔሬይዳ ይህን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ደርቃ ቀረች። እፍረት እንዲህ ከእግር ጀምሮ እንደሚወጣ አታውቅም ነበር። ይቅርታ ልትል ወደ ክፍተቱ ሄደች፤ እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ዳቦ ይቆርሳል። ጥሩ ቃል አጣችና ተመለሰች።

«አክስቴ፣ ሁሉም አልጠፋም» አለች ያኒሴ በሦስተኛው ቀን። «ዘጠኝ መቶ ስድስት አትርፌያለሁ። ጽሑፉ አለ። ስሙ ግን የለም። ፎርማት ሲደረግ የሚጠፋው መጀመሪያ እሱ ነው። የማን እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ አይታወቅም። ተራ ቁጥር ብቻ ነው የሰጠኋቸው።»

ኔሬይዳ ከፈተቻቸው። *ጥርሴ ሁሉ ወልቆ እጄ ላይ ሆነ፤ ብቆጥረው ከነበረኝ ይበልጣል።* የማን ነው? *ደወሉ ውስጥ ዶሮ እንቁላሏን ታቅፋለች፣ ቄሱ እንዳይደውል እለምነዋለሁ።* የማን ነው? አንዳንዱን ለየች፤ የሚበዛው ግን እንግዳ ሆነባት። ሰው መጥቶ «የእናቴን አንብቢልኝ» ቢላት የትኛውን ልታነብለት ነው? ሕልሞቹ አሉ፣ ባለቤት ግን የላቸውም። ከመጥፋታቸው ይልቅ ይህ አንጀቷን በላው።

ነፋስ ያልነበረበት፣ ባሕሩ ነጭ ሆኖ የዋለበት ጧት ነበር። ጮክ ብላ ታነባለች፤ ድምፁ ሲሰማ ፊቱ ይመጣልኝ ይሆናል ብላ። «*በቅሎ ሆኜ ደረጃ እወጣለሁ፣ ከላይ ሠርግ አለ፣ ያገባሁት ግን እኔው ነኝ።* እግዚኦ፣ ይሄ የማን ይሆን?»

«የጸጉር አስተካካዩ» አለ ኮምፔንሳቶው።

ወደ ኮምፔንሳቶው ዞረች።

«ማን ጠየቀህ?»

«ማንም።»

«በምን አወቅህ?»

«ሲነግርሽ ጓዳ ውስጥ ጫማዬን እየጠረግኩ ነበር። ከሚስቱ በተፋታ በሳምንቱ ነው። ሳቅሽ፣ ከዚያ መሳቅሽ ቆጨሽና ፓፓያ ሰጠሽው።»

ልክ ነው፤ ፓፓያው ትዝ አላት። ቀጣዩን አነበበች። እሱ ነገራት። ቀጣዩን። ነገራት። ደወሉ ውስጥ ያለችው ዶሮ የሌዎናርዳ እናት ሕልም ናት አለ፤ ኔሬይዳ የለም የፋርማሲዋ ሴትዮ ናት ብላ ተከራከረች፤ ሌዎናርዳ ስትጠየቅ እሱ ትክክል ሆነ፤ ኔሬይዳ ግማሽ ቀን አኮረፈች። በማግስቱ ጧት ግን እሱ በተራው ሳይሆን ወንበሩን ጎትቶ ከኮምፔንሳቶው አጠገብ አስጠግቷል። ፊቱ አይታያትም። የወንበሩ መወዛወዝና ድምፁ ብቻ ነው የሚመጣው፤ አንዳንዴ ሕልሙን አንብባ ሳትጨርስ፣ መጨረሻውን እሱ ይሞላዋል። ሰላሳ አንድ ዓመት በመጋረጃ ጀርባ ቆሞ ሲሰማ ኖሯል። አንዱንም አልረሳም። ኔሬይዳ እየጻፈች አልፎ አልፎ ጣቷ ይቆማል፤ ሕልም ውስጥ ያለች ይመስላትና ጠረጴዛውን ትነካለች። የእናቱ ሕልም ሲደርስ ድምፁ ተሰበረ። እሷም ያን ጊዜ «ይቅርታ» አለች፣ በቀጥታ፣ ያለ ጌጥ። «እሺ» አለ።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ስድስት መቶ ሠላሳ ላይ ደርሰው ነበር። ከፈተችና አነበበች።

«*አንዲት ሴት ጀልባ ላይ ተቀምጣ የሰውን ሁሉ ስም እየጠራች ትጽፋለች። ሰፈሩ በሙሉ ባሕሩ ዳር ተሰልፏል። የተጠራ ሁሉ እየሳቀ ይሄዳል። እኔ ከኋላ ቆሜ እጠብቃለሁ። እኔን አትጠራኝም። ጀልባዋ ትርቃለች። ነገ ትመለሳለች እላለሁ፣ ጫማዬን አውልቄ ውሃው ውስጥ እቆማለሁ።*»

«ይሄንንስ አውቀዋለሁ» አለች ፈጥና። «የፎንሴካ ነው። ቆቡን አውልቆ እዚህች በር ላይ ቆሞ። መርከበኛ ብዬ ሦስት ቁጥርን ሰጠሁት። እንዲህ ያለ ሕልም ከዚያ ድንጋይ ሰውዬ እንዴት ወጣ ብዬ ስገረም ዋልኩ።»

ከወዲያ የወንበሩ መወዛወዝ ቆመ።

«የፎንሴካ አይደለም።»

«ምን ማለትህ ነው? ራሱ ነው የነገረኝ፣ በገዛ አፉ!»

«ፎንሴካ ሕልም አያይም። እንደ ሲሚንቶ ከረጢት ነው የሚተኛው፤ ሚስቱን ጠይቂ።» ወንበሩን አስጠጋ። «በቃሉ ሲያጠና እንዴት እንዳስለፋኝ። ባሕሩ ዳር አስቀምጬ አምስት ስድስት ጊዜ አስደግመው ነበር።»

የኔሬይዳ እጅ ኪቦርዱ ላይ እንዳለ ቀረ። ዛፍ ላይ የበቀለችው መስኮት። ሁለት በር ያለውና ከሁለቱም የማያስወጣው ቤት። ወፏ ባልና ሚስቱ መሃል የምትተኛበት አልጋ። የፎንሴካ ሕልሞች አንድ በአንድ መጡባት፣ ሠላሳ የሚሆኑ፣ የምትወዳቸው።

«ሁሉም?» አለች።

«አንዷ የሱ ናት። ስለ አሸዋ።»

«ለምን አልነገርከኝም? ከጎኔ እየተኛህ፣ እኔ ለአንዲት ቃል እየሞትኩ፣ ለምን?»

ወንበሩ እንደገና መወዛወዝ ጀመረ።

«ሰው ሲነግርሽ ዓይንሽን ትጨፍኛለሽ» አለ። «ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ አይሻለሁ። ፊትሽ ያምራል። እኔ ስነግርሽ እንደዚያ ባይሆንስ ብዬ ፈራሁ። በፎንሴካ በኩል ስልከው ግን ትጨፍኛለሽ። ቆሜ አያለሁ።»

ኔሬይዳ ዕንባዋ እየወረደ ሳቋ መጣ። መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች። ስሙ በጠፋው ፋይል ላይ፣ ቁጥሩን አጥፍታ፣ በጣቷ ፊደል በፊደል ጻፈች። ጽፋ ስትጨርስ ዓይኗን ጨፈነችና የጻፈችውን አነበበች።

«ኤውሴቢዮ።»

«አቤት» አለ።